ማዳበሪያ ለሚያከፋፍሉ መጋዘኖች ሲስተም ስንሠራ ሎጂክ ምን ይጠቅመናል?

የጠባሴ ልጅ · ሰኞ ጠዋት 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ማከፋፈያ ሲስተም ልንጀምር ነው። ዋናው ቢሮ ደብረ ብርሃን ነው። መጋዘኖቹ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ እነዋሪ፣ ደነባና ሸዋ ሮቢት ናቸው። ገበሬው በቀበሌው ማኅበር ይመዘገባል፣ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይይዛል፣ ቀኑ ሲደርስ ኡሪያውንና ኤንፒኤሱን ያነሣል።

ችግሩን አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ማዳበሪያ የሚፈለገው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። መሐል ሜዳ ያለው መጋዘን ግማሽ ቀን ሙሉ ከደብረ ብርሃን ጋር ላይገናኝ ይችላል። ገበሬው ግን ሌሊት ተነሥቶ አህያውን ነድቶ መጥቷል። «ኔትወርክ የለም፣ ነገ ና» ልንለው አንፈልግም። በሌላ በኩል በአንድ ደረሰኝ እነዋሪም ደነባም ማዳበሪያ ተነሥቶበት መገኘት የለበትም።

አንዱ ጓደኛዬ በጎላንግ እንሥራው ይላል፣ ሌላው በኤርላንግ። ያስተማሩን መምህር ደግሞ «ቋንቋ ከመምረጣችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ሎጂክ እዩ» አሉን። ክብር አለኝ ለቃላቸው፤ ግን ከየት ልጀምር? ሎጂክ እዚህ መጋዘን በር ላይ ምን ይሠራል?

---

ሞጃ 12 · ሰኞ ጠዋት 3፡15

ወንድሜ፣ አታወሳስበው። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ አስቀምጥ፣ ሁሉም መጋዘን እዚያ ይጻፍ። ትራንዛክሽን (ሥራው ወይ ሙሉ በሙሉ የሚፈጸምበት ወይ ጨርሶ የማይፈጸምበት) አለው፣ ሎክ (አንዱ ሲጽፍ ሌላውን የሚያስጠብቅ ቁልፍ) አለው፤ በአንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ አይነሣም። ኔትወርክ ሲጠፋ ይጠበቃል። ባንኩም ቴሌውም ሲጠፋ ይጠበቅ የለም እንዴ? ሎጂክ ለዩኒቨርሲቲ ጥሩ ነው፤ አንተ ግን ከሰኔ በፊት ማስረከብ ያለብህ ሥራ ይዘሃል።

---

መንዝ ጓሳ · ሰኞ ጠዋት 4፡02

ሞጃ፣ ያልከው የሚያስኬድ ምርጫ ነው። ግን ምርጫ መሆኑን በግልጽ እንናገር። ኤሪክ ብሩወር በ2000 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ) ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወይ የሁሉንም አንድ ዓይነት መልስ፣ ወይ አገልግሎት መስጠትን መተው ግድ ነው አለ። ጊልበርትና ሊንች በ2002 በሒሳብ አረጋገጡት። አንተ አገልግሎቱን ተውክ። ጠያቂው ደግሞ ከመጀመሪያው «ነገ ና ማለት አልፈልግም» ብሏል። ስለዚህ ያንተ መልስ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው።

የጠባሴ ልጅ፣ ከየት ልጀምር ላልከው ከሰዓት ጀምር። ሌስሊ ላምፖርት በ1978 ያወጣው ጽሑፍ የዚህ ሁሉ ነገር በር ነው። የሚለው ይኼን ነው፦ በአንድ ማሽን ላይ አንዱ ድርጊት ከሌላው ቀድሞ ከሆነ ቀድሟል። መልእክት መላክ ከመድረሱ ይቀድማል። እነዚህን ሁለቱን እያያዝክ በሰንሰለት ትሄዳለህ። በዚህ ሰንሰለት የማይገናኙ ሁለት ድርጊቶች ግን የትኛው እንደቀደመ ሲስተሙ ውስጥ ሊታወቅ አይችልም። ቅደም ተከተሉ ከፊል ነው፤ ሁሉን በአንድ መስመር አያሰልፍም።

ይኼ ከእናንተ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ብዙ ሰው ሁለት መዝገብ ሲጋጭበት «ሰዓቱ የኋለኛው ያሸንፋል» የሚል ሕግ ይጽፋል። የመጋዘን ኮምፒውተር የውስጥ ባትሪው አልቆ ከሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑን ስንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። በዚያ በተሳሳተ ሰዓት የተጻፈ ደረሰኝ በሌላው መዝገብ ሁሉ ይሸነፋል። የሰዓት ቁጥር ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው ማን ከማን መልእክት ተቀብሎ እንደሠራ ነው።

---

የሚዳ ተማሪ · ሰኞ ቀን 6፡30

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እነዋሪና ደነባ ሳይገናኙ በአንድ ደረሰኝ ላይ ሁለቱም ቢሰጡ ማን እንደቀደመ አይታወቅም ማለት ነው? ታዲያ የትኛው ትክክል ነው ሊባል ነው?

---

አንኮበሬዋ · ሰኞ ማታ 1፡50

የሚዳ ተማሪ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ግን «ማን ቀደመ» ከተባለበት ደረጃ ከደረስን ማዳበሪያው ሄዷል። ከዚያ በፊት እንያዘው። እኔ ለዚህ ጉዳይ የምወደው ሎጂክ የዳታሎግ (በእውነታና በደንብ የሚጻፍ የሎጂክ ቋንቋ) ዓይነቱ ነው፤ ምክንያቱም የሥራውን ደንብ በዓረፍተ ነገር አስቀምጠህ የትኛው መጠበቅ እንደሚያስፈልገው ከዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ብቻ ማየት ትችላለህ።

የእናንተን ደንብ ልጻፈው («⇐» ማለት ከምልክቱ በኋላ ያለው እውነት ከሆነ ከፊቱ ያለውም እውነት ነው ማለት ነው)፦

> ተመዝግቧል(ገበሬ፣ ቀበሌ)
> ከፍሏል(ደረሰኝ፣ ገበሬ፣ ኩንታል)
> ወስዷል(ደረሰኝ፣ መጋዘን)
>
> መብት_አለው(ደረሰኝ) ⇐ ከፍሏል(ደረሰኝ፣ ገበሬ፣ ኩንታል) እና ተመዝግቧል(ገበሬ፣ ቀበሌ)
>
> ይሰጠው(ደረሰኝ) ⇐ መብት_አለው(ደረሰኝ) እና በየትኛውም መጋዘን ወስዷል(ደረሰኝ፣ መጋዘን) የለም

የመጀመሪያውን ደንብ ተመልከቱ። አዲስ ምዝገባ ቢመጣ፣ አዲስ ክፍያ ቢመጣ፣ ዘግይቶ ቢመጣ፣ ሁለት ጊዜ ቢመጣ፣ ተገለባብጦ ቢመጣ ትናንት «መብት አለው» ያልነው ዛሬ አይሰረዝም። ወሬ በተጨመረ ቁጥር ድምዳሜው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይኼን ሞኖቶኒክ ይሉታል። እንዲህ ያለውን ክፍል መሐል ሜዳ ለብቻው፣ ዓለም ከተማ ለብቻው ሊያሰሉት ይችላሉ፤ መልእክቱ ሁሉ ሲደርስ ያለ ምንም ድርድር አንድ ዓይነት መልስ ላይ ይገናኛሉ።

ሁለተኛው ደንብ ግን «የለም» አለው። የለም ለማለት ሁሉንም ሰምቼ ጨርሻለሁ ማለት መቻል አለብህ። እነዋሪ ያለው ልጅ ስክሪኑ ላይ ምንም ስላላየ ብቻ ደነባ ላይ አልተነሣም ማለት አይችልም፤ ወሬው መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። መጠበቅ የሚመጣው በዚህች ቃል በኩል ነው።

ጆ ሄለርስታይን በ2010 ይህን እንደ ግምት አቀረበው፦ ያለ ቅንጅት (እርስ በርስ ሳይጠባበቁ) በትክክል ሊሰላ የሚችለው ሞኖቶኒክ የሆነው፣ ያም ብቻ ነው። በ2011 አመሎት፣ ኔቨንና ቫን ደን ቡሼ በሒሳብ አረጋገጡት። ካልም ይባላል ቲዎረሙ። ብሩወር የሚነግርህ የማይቻለውን ነው። ካልም ደግሞ የሚቻለው እስከየት እንደሚደርስ ወሰኑን ያሰምርልሃል፤ ለሠሪ ሰው ይኼኛው ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። «የለም»ን ማጥፋት አይቻልም፤ ማዛወር ግን ይቻላል። እያንዳንዱ ደረሰኝ ሲቆረጥ የሚነሣበት መጋዘን አብሮ ይጻፍበት፦

> ይሰጠው(ደረሰኝ) ⇐ መብት_አለው(ደረሰኝ) እና ባለቤት(ደረሰኝ፣ እኔ) እና እኔ ጋ ወስዷል(ደረሰኝ) የለም

«እኔ ጋ የለም» ማለት የራስን መዝገብ ማየት ነው። ኔትወርክ አይፈልግም። መብራቱ በባትሪ እስካለ ድረስ መጋዘኑ ይሠራል።

ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው ሪፖርት ደግሞ የ«ወስዷል» ስብስብ ብቻ ነው። ስብስብን ከስብስብ ጋር ማዋሐድ ቅደም ተከተል አይጠይቅም፣ ድግግሞሽም አይጎዳውም። ሻፒሮና ባልደረቦቹ በ2011 ሲአርዲቲ ብለው ያስተዋወቁት የመረጃ ዓይነት በዚህ ላይ የቆመ ነው።

---

ሞጃ 12 · ማክሰኞ ጠዋት 2፡20

እሺ፣ ይኼን ተቀብያለሁ። ለእያንዳንዱ መጋዘን ድርሻ አስቀድሞ መመደብ እኛም ዳታቤዝ ላይ የምናውቀው ነገር ነው፤ ፓትሪክ ኦኒል በ1986 ኤስክሮው ብሎ ጽፎታል። ግን መሬት ላይ ያለው እንዲህ አይቆምም። እነዋሪ ሳይደርስ የቀረ ጭነት ይኖራል፤ ደነባ ደግሞ ተርፎ ተከምሯል። ገበሬው «ደነባ ሄጄ ላንሣ» ይላል፤ ሁለቱ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ደረሰኙ ላይ ግን እነዋሪ ተብሎ ተጽፏል። ባለቤትነቱ መዛወር አለበት። እዚህ ላይ ያው ችግር ተመልሶ አይመጣም ወይ?

---

አንኮበሬዋ · ማክሰኞ ጠዋት 4፡45

ይመጣል፤ ግን አንሶ ነው የሚመጣው። ቀድሞ ሁሉም ከሁሉም ጋር መስማማት ነበረበት። አሁን የቀድሞው ባለቤትና አዲሱ ባለቤት ብቻ ናቸው።

ለዚህ የሚሆነው ሎጂክ ሌላ ነው። በተለመደው ሎጂክ አንድን እውነት መቶ ጊዜ ብትጠቀምበት እውነትነቱ አያልቅም። «ከፍሏል» እንዲህ ነው። «የማንሣት መብት» ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዴ ከተጠቀምክበት ያልቃል። ዣን ኢቭ ዢራር በ1987 ሊኒየር ሎጂክን ያወጣው እያንዳንዱን መነሻ ሐሳብ በትክክል አንድ ጊዜ ብቻ እንድትጠቀምበት አድርጎ ነው። ማባዛት የለም፣ መጣልም የለም።

ይኼ ወደ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚገባው በታይፕ በኩል ነው፤ ታይፕ ማለት አንድ ዕቃ ምን ዓይነት እንደሆነና ምን ሊደረግበት እንደሚችል ፕሮግራሙ ሳይሄድ በፊት የሚፈተሽበት ምልክት ነው። ሃዋርድ በ1969 በእጅ ጽሑፍ ያሰራጨው (የታተመው በ1980 ነው) ከከሪ የቆየ ምልከታ ተነሥቶ ያሳየው ነገር አለ፦ ታይፕ ማለት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ፕሮግራም ማለት የዚያ ዓረፍተ ነገር ማረጋገጫ ነው። በሊኒየር ሎጂክ ይህን ስታደርገው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያዝ ዕቃ ታገኛለህ። ካይረስና ፌኒንግ በ2010 የሊኒየር ሎጂክ ዓረፍተ ነገሮች በሁለት ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ባሉ ፕሮግራሞች) መካከል የሚደረግ የመልእክት ልውውጥ ደንብ ሆነው እንደሚነበቡ አሳዩ፤ ዋድለር በ2012 በክላሲካሉ በኩል ቀጠለበት። ከዚህ የሚገኘው ትልቁ ነገር፣ በእነዚህ ታይፖች ያለፈ ፕሮግራም እርስ በርስ ተጠባብቆ አይቆምም፤ ዴድሎክ የለውም።

ረስት በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሠራችሁ ባለቤትነት ሲዛወር አሮጌው ስም እንደማይሠራ ታውቃላችሁ። የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ረስት ዕቃውን ሳትጠቀምበት እንድትጥለው ይፈቅዳል። ለማዳበሪያ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማባዛት ከተከለከለ አንድ ደረሰኝ ሁለት ቦታ አይነሣም። መጣል ካልተከለከለ ግን የገበሬው መብት በዝምታ ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱንም መከልከል አለብን።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ኮምፓይለሩ (ኮድህን ፈትሾ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው) የሚጠብቅህ አንድ ላይ በተፈተሸው ፕሮግራም ውስጥ ነው። በጀማ ሸለቆ አልፎ የሚመጣ ባይት ላይ ሥልጣን የለውም። ሎጂኩ መልእክት አይጠፋም፣ አይደገምም ብሎ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ከሥሩ፣ ማረጋገጫ እስኪመጣ ደግሞ የሚልክና ተቀባዩ ላይ በመለያ ቁጥር የተደገመውን የሚጥል አንድ ንብርብር መኖር አለበት።

---

መምህር ዘሸዋ · ማክሰኞ ማታ 2፡10

ልጆች፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት፤ ደስ ብሎኛል። በዝውውሩ ላይ ትንሽ ልጨምር።

እነዋሪ «መብቱን ለደነባ ሰጥቻለሁ» ብሎ ላከ እንበል። ደነባ «ደርሶኛል» አለ። ይህ ማረጋገጫ ጠፍቶ እንደሆነስ? እነዋሪ ለማረጋገጫው ማረጋገጫ ይላክ ቢባል ማብቂያ የለውም። የሁለቱ ጄኔራሎች ችግር የሚባለው ይህ ነው፤ ሁለት ጦር በአንድ ሰዓት እንዲዘምት በመካከል በጠላት እጅ ሊወድቅ የሚችል መልእክተኛ ብቻ ካለ በማንኛውም የመልእክት ቁጥር እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ሃልፐርንና ሞሰስ በዕውቀት ሎጂክ አስቀመጡት፤ መጀመሪያ በ1984 አቀረቡት፣ በ1990 በሙሉ አሳተሙት። እኔ ማወቄ አንድ ነገር ነው። አንተ ማወቅህን እኔ ማወቄ ሌላ ነው። እኔ ማወቄን አንተ ማወቅህን እኔ ማወቄ ደግሞ ሌላ። ይህ ያለ ማብቂያ ሲቀጥል የጋራ ዕውቀት ይሉታል፤ መልእክት ሊጠፋ በሚችልበት መሥመር ደግሞ የጋራ ዕውቀት አይገኝም። የተሻለ ኬብልም ሆነ የተሻለ ቋንቋ ይህን አይለውጠውም።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ተስፋ ይቆርጣል። መቁረጥ የለበትም። ጄኔራሎቹ የሚፈልጉት እኩል መዝመትን ነው። የእናንተ ሥራ ይህን አይጠይቅም። የእናንተ የሚጠይቀው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ባለመብት እንዳይሆኑ ብቻ ነው። ለዚህ እነዋሪ መልእክቱን ከመላኩ በፊት መብቱን ከመዝገቡ ያውጣና «በጉዞ ላይ» ብሎ ይጻፈው፤ ዲስክ ላይ ከሰፈረ በኋላ ይላክ። ደነባ ሲደርሰው ባለመብት ይሆናል። በመካከሉ ባለመብት የለም፤ ሁለት ባለመብት ግን ምንጊዜም አይኖርም። እነዋሪ ማረጋገጫ እስኪመጣለት ደጋግሞ ይልካል፤ ደነባ በመለያ ቁጥሩ አንዴ ብቻ ይቀበላል። ዕውቀቱ ሚዛኑን ያልጠበቀ ይሁን፤ አይጎዳም።

በዚህ መካከል ሁለት ዓይነት ዓረፍተ ነገር ለዩ። «ክፉ ነገር ፈጽሞ አይሆንም» የሚል አለ፤ «በጎ ነገር አንድ ቀን ይሆናል» የሚል አለ። «በአንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ አይነሣም» የመጀመሪያው ነው። «የተዛወረ መብት ይደርሳል» ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ኔትወርኩ ቢሞትም ልትጠብቁት ትችላላችሁ። ሁለተኛው መሥመሩ አንድ ቀን ይመለሳል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ያን ግምት ሰነዳችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ ዩኒየኑ ምን እንደሚገዛ ይወቅ።

---

የሚዳ ተማሪ · ማክሰኞ ማታ 2፡55

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክፍል ውስጥ ፓክሶስና ራፍት የሚባሉ ተምረናል፤ እነሱ ይህን ችግር አይፈቱም ማለት ነው?

---

መምህር ዘሸዋ · ማክሰኞ ማታ 3፡20

ልጄ፣ እነሱ ሌላ ችግር ይፈታሉ። ብዙ ማሽኖች በአንድ ዋጋ ላይ እንዲስማሙ ያደርጋሉ። ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን በ1985 መልእክት የሚዘገይበት ወሰን ባልታወቀበት ሥርዓት አንድ ማሽን እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ ሁልጊዜ ወደ ውሳኔ የሚደርስ፣ ዕጣ የማይጠቀም የስምምነት ስልት እንደሌለ አሳዩ። ፓክሶስና ራፍት ይህን አልሻሩትም። ስምምነቱ እንዳይሳሳት ምንጊዜም ይጠብቃሉ፤ ወደ ውሳኔ መድረሱን ግን ኔትወርኩ በበቂ ሁኔታ ሲረጋጋ ብቻ ነው የሚሰጡት። በዚያ ላይ አብላጫው ማሽን መገናኘት አለበት። ከአምስቱ መጋዘን ሦስቱ ካልተገናኙ ሁሉም ይቆማል። ደብረ ብርሃን ላይ ባሉ ሦስት ሰርቨሮች መካከል ግን በጣም ይጠቅማል፤ ዋናው መዝገብ አንዱ ሰርቨር ስለተበላሸ እንዳይጠፋ እዚያ ተጠቀሙበት።

---

ዲያቆን ኮደር · ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ሰላም ለሁላችሁ። የዝውውሩ ፕሮቶኮል ሁለት ወገን ብቻ ከሆነ አንኮበሬዋ ያለችው ይበቃል። ግን እውነተኛው ሥራ ላይ ደብረ ብርሃን አለ፣ ሰጪ መጋዘን አለ፣ ተቀባይ መጋዘን አለ፣ የቀበሌው ማኅበርም አለ። የአራት ወገን ንግግር ሲሆን አራት ፕሮግራም ለየብቻ ጽፎ ይገጥማል ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው።

መጽሐፈ ቅዳሴን አስቡት። አንዱ ገጽ ላይ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» እየተባለ የካህኑ፣ የዲያቆኑና የሕዝቡ ድርሻ በተራው ተጽፏል። ሥርዓቱ የተጻፈው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ከዚያ ውስጥ የራሱን ይወስዳል። የብዙ ወገን ሴሽን ታይፕ (የንግግርን ቅደም ተከተል የሚገልጽ ታይፕ) ሐሳብም ይኼው ነው። ሆንዳ፣ ዮሺዳና ካርቦኔ በ2008 ያቀረቡት፣ ጠቅላላውን ንግግር በአንድ ታይፕ ጽፈህ የእያንዳንዱን ወገን ድርሻ በስሌት ታወጣለህ፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየድርሻው ብቻ ይፈተሻል። ሁሉም ካለፈ ንግግሩ በመሐል አይጣረስም፣ አንዱ ሌላውን ጠብቆ አይቀርም። ስክሪብል የሚባለው የፕሮቶኮል መጻፊያ ከዚህ የወጣ ነው። ኮራል ደግሞ በጃቫ ዓለም ውስጥ ጠቅላላውን ፕሮግራም ራሱን በአንድ ላይ እንድትጽፍ ያደርግሃል።

እኔን ያሳመነኝ ይኼ ነው። እንዲህ ጻፍን እንበል፦

> እነዋሪ → ደብረ ብርሃን፦ የዝውውር ጥያቄ
> ደብረ ብርሃን ይመርጣል፦
>   ወይ ደብረ ብርሃን → እነዋሪ፦ ተፈቅዷል፤ ከዚያ እነዋሪ → ደነባ፦ መብት
>   ወይ ደብረ ብርሃን → እነዋሪ፦ አልተፈቀደም

ስታነበው ምንም የጎደለ አይመስልም። ደነባን ግን ተመልከቱ። ከተፈቀደ መልእክት ይደርሰዋል፤ ካልተፈቀደ ማንም ምንም አይነግረውም። ደነባ «መብት ይመጣል» ብሎ ተቀምጦ እየጠበቀ ከሆነ እስከ ሌላው ክረምት ይጠብቃል። የመጀመሪያው የሆንዳ ዓይነት ፈታሽ ይህን ጽሑፍ አይቀበልም፤ ምርጫው የሚነካው ወገን ሁሉ ምርጫውን ማወቅ አለበት ይላል። በሁለተኛው መንገድ ላይ «እነዋሪ → ደነባ፦ ቀርቷል» ስትጨምር ያልፋል። ይኼ ዓይነቱ ጉድለት በሙከራ አይገኝም፤ ሙከራ ላይ ሁሌ «ተፈቅዷል» ነው የሚጫነው።

---

መንዝ ጓሳ · ረቡዕ ጠዋት 3፡40

ዲያቆን፣ ይኼን ሳነብ የራሴን የድሮ ኮድ ከፍቼ ማየት አማረኝ።

ሞዳል ሎጂክንም አንርሳ። መርፊ፣ ክራሪ፣ ሃርፐርና ፌኒንግ በ2004 «በሁሉም ዓለም እውነት ነው»፣ «በሆነ ዓለም እውነት ነው» የሚለውን የቆየ ሎጂክ ወስደው ዓለም የሚለውን ማሽን ብለው አነበቡት። የማንኛውም መጋዘን ኮምፒውተር ሊያስኬደው የሚችል ኮድ አንድ ታይፕ አለው። መሐል ሜዳ ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ትርጉም ያለው ነገር፣ ለምሳሌ እዚያ የተሰካው የደረሰኝ ማተሚያ፣ ሌላ ታይፕ አለው። ማተሚያውን ወደ ሸዋ ሮቢት «ልላክ» ብትል ኮምፓይለሩ እምቢ ይልሃል፤ ሥራው ወደ ማተሚያው ይሂድ ይልሃል። በዚህ ሐሳብ ላይ የተሠራው ኤምኤል5 የምርምር ቋንቋ ነው፣ ለሥራ አውርዱት አልልም። ሐሳቡ ግን ለንድፍ ይረዳል፦ እያንዳንዱን የመረጃ ዓይነት ስትጽፍ «የት ነው እውነት የሆነው?» ብለህ አብረህ ጻፍ።

---

ሞጃ 12 · ረቡዕ ቀን 7፡10

እየገባኝ ነው የመጣው፤ እውነቴን ነው። ግን ጠያቂው ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ምን ይጫን? ሊኒየር ሎጂክን አይጭንም። በስም ጥሩልን።

---

አንኮበሬዋ · ረቡዕ ማታ 1፡25

በስም እንጥራ።

ሦስታችሁ የምትችሉትን ቋንቋ ያዙ። ኤርላንግ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተወለደ ነው። ኤሪክሰን ውስጥ በ1986 ሲጀመር የስልክ ማዞሪያ አንድ ክፍሉ ቢወድቅም ሌላው እንዲሠራ ነበር የተፈለገው። ፕሮሰሶቹ ትውስታ አይጋሩም፤ በመልእክት ብቻ ይነጋገራሉ። የመልእክት ቅደም ተከተልን ግን በታይፕ አይፈትሽልህም። ጎላንግም ቻነል (መልእክት የሚያልፍበት መስመር) አለው፤ ሐሳቡ ከሆር የ1978 ሥራ የወረደ ነው። እሱም ቻነሉ ውስጥ የሚያልፈውን የዕቃ ዓይነት እንጂ ንግግሩ እንዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ስለዚህ በሁለቱም ቢሆን ሎጂኩ ከቋንቋው ውጭ መጻፍ አለበት። ቋንቋው ላይ የምትጨቃጨቁበትን ጊዜ እዚህ ላይ ብታውሉት ይሻላል።

የምትጽፉበት ቲኤልኤ ፕላስ ነው፤ የሲስተምን ንድፍ በሎጂክ የሚጽፉበትና የሚፈትሹበት ቋንቋ ነው። የላምፖርት ነው፣ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አማዞን ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ተጠቅመውበታል፤ በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ዳይናሞዲቢ በሚባለው ዳታቤዛቸው ላይ የተገኘው አንዱ ስሕተት እስኪታይ ድረስ ቢያንስ 35 ተከታታይ እርምጃ የሚፈልግ ነበር። በእጅ ሙከራ እዚያ የሚደርስ ሰው የለም።

አምስት መጋዘንና ሺህ ደረሰኝ አትጻፉ። ሁለት መጋዘን፣ ሁለት ደረሰኝ፣ መልእክት ሊጠፋና ሊደገም የሚችል ኔትወርክ፣ በማንኛውም ቅጽበት ሊጠፋና ከዲስኩ ሊነሣ የሚችል ኮምፒውተር። ከዚያ መምህር የነገሩንን ሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጡና ፈታሹን አስሩጡት። ፈታሹ በዚያች ትንሽ ዓለም ውስጥ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ይዞራል። መብቱን ከመዝገብ ማውጣቱንና መላኩን አገላብጣችሁም ጻፉት፤ ሁለት ባለመብት የሚያመጣውን መንገድ እርምጃ በእርምጃ ያወጣላችኋል። ያን አንዴ ያየ ሰው ቅደም ተከተሉን አይረሳም።

---

የጠባሴ ልጅ · ኀሙስ ጠዋት 2፡05

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ መምህርን በተለይ። ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ደንቦቹን እንደገና ጻፍናቸው። ደረሰኝ ሁሉ ባለቤት መጋዘን አለው። ማንሣት በአካባቢ መዝገብ ብቻ ይወሰናል። ዝውውር ከመላኩ በፊት ከመዝገብ ይወጣል። ሪፖርት የሚያድግ ስብስብ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ደንብ እያነበብን «የለም» ወይም «ሁሉም» የሚል ፈለግን። ከአንዱ በቀር ሁሉም ወይ ሞኖቶኒክ ነው ወይ በራሱ መጋዘን ውስጥ የሚያልቅ ነው።

የቀረው ይኼ ነው፦ ዘመኑ ሲያበቃ ዩኒየኑ ከፍለው ያልወሰዱትን ገበሬዎች ዝርዝር አውጥቶ ገንዘባቸውን መመለስ አለበት። ይኼ «የለም» የሁሉንም መጋዘን ነው። እንዴት እናድርገው?

---

አንኮበሬዋ · ኀሙስ ቀን 6፡45

ያ እውነተኛው መጠበቂያችሁ ነው፤ ማምለጫ አትፈልጉለት። በዓመት አንድ ጊዜ መጠበቅ ማንንም አይጎዳም፤ በየገበሬው መጠበቅ ነበር የሚጎዳው።

እያንዳንዱ መጋዘን ማደል ሲያቆም አንድ መልእክት ይላክ፦ «ዘግቻለሁ፤ በዚህ ዘመን የሰጠሁት በጠቅላላ ይህን ያህል ደረሰኝ ነው»። ከዚያ በኋላ ያ መጋዘን ለዚያ ዘመን «ወስዷል» መጻፍ አይችልም፤ ፕሮግራሙ ይከልክለው። የዝውውር መልእክት «በጉዞ ላይ» ያለበት መጋዘን ማረጋገጫው ሳይደርሰው መዝጋት የለበትም፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ ያለ መብት ከሁለቱም መዝገብ ውጭ ይቀራል። ገና ያልዘጋ መጋዘን ብቻ ነው መብት መቀበል የሚችለው፤ የዘጋው «አልቀበልም» ብሎ ይመልስ፣ መብቱም ወደ ሰጪው ይመለስ። ዲያቆን እንዳለው ይኼንንም መንገድ በጠቅላላው ንግግር ውስጥ ጻፉት።

ደብረ ብርሃን አምስቱን «ዘግቻለሁ» ሲይዝና የያዘው ስብስብ ቁጥር ከተነገረው ጋር ሲገጥም «የለም» ማለት ይችላል። ከሸዋ ሮቢት ካልመጣ የተመላሽ ዝርዝሩ አይወጣም፤ የአራቱን አውጥቶ የአንዱን በኋላ መጨመርም አይቻልም፣ ከአራቱ መጋዘን ወደ ሸዋ ሮቢት የተዛወረ መብት ሊኖር ይችላልና። ኔትወርኩ ከቆየባችሁ አንድ ሰው የተዘጋውን ፋይል በፍላሽ ይዞ በአውቶቡስ ይውጣ። ፋይሉ በምን መንገድ እንደመጣ ለደንቡ ልዩነት የለውም።

---

መምህር ዘሸዋ · ኀሙስ ማታ 1፡15

የጠባሴ ልጅ፣ የቲኤልኤ ፕላሱን ፋይል ስትጨርሱ እዚሁ ለጥፉት። መዝጊያውንም አብራችሁ ጻፉ፤ ኮምፒውተሩ «ዘግቻለሁ» ብሎ ከላከ በኋላ ዲስክ ላይ ሳይጽፈው መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ፈታሹን ጠይቁት።